ማሻሻል ለማን?

«ማሻሻል» የሚሉት ግስ ብቻውን ሲቆም ጎዶሎ ነው። ምኑን? ለማን? በየትኛው መንገድ ለመሄድ? እነዚህ ካልተመለሱ ቃሉ ባዶ ነው። ነገሩን ያነሣነው በአንዲት የ1965 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ቮልስ እግር ምክንያት ነው።

ቮልሷ ለጓደኛችን ከአባቱ የቀረችለት ውርስ ናት። አራት ሆነን ገንዘብ አዋጣንና «የእግሯን ዕቃ እናሻሽል» ተባለ። ወዲያው ለሁለት ተከፈልን። ባለቤቱና አንዱ ጓደኛችን «ዝቅ እናድርጋት፣ ትመር!» አሉ። የቀረነው ደግሞ እናቱን አሰብን፤ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ሐኪም ቤት የሚመላለሱትም በእሷው ነው።

የዚያ ዘመን ቮልስ ሞላም ባሌስትራም የላትም። ክብደቷን የምትችለው በሚጠመዘዝ ብረት ነው፤ ከፊት በሁለት አግዳሚ ቱቦዎች ውስጥ የተደራረቡ ስስ ብረቶች፣ ከኋላ በግራና በቀኝ አንዳንድ ድፍን ዘንግ። ጎማው ሲነሣ ብረቱ ይጠመዘዛል፤ ሲለቀቅ ይመለሳል። የኋላው ዘንግ በአንድ ጫፉ 40፣ በሌላው 44 ጥርስ አለው። ሁለቱን ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ አንዳንድ ጥርስ ቢያዞሯቸው የእግሩ ማዕዘን አንድ ዲግሪ በማትሞላ ልክ ይለወጣል። እንግዲህ የኋላውን ዝቅ ለማድረግ አዲስ ዕቃ እንኳ አያስፈልግም። የፊቱን ግን ቱቦውን ቆርጦ ማስተካከያ መበየድ ይጠይቃል።

እውነቱን ለመናገር የ«ዝቅ እናድርጋት» ወገን ክርክሩ ለውበት ብቻ አልነበረም። የኋላ አክስሏ የሚታጠፈው ከካምቢዮው አጠገብ ብቻ ነው። በኩርባ ላይ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ጀርባዋ ይነሣል፤ ያኔ ጎማዎቹ ወደ ሥር ይታጠፉና መኪናዋ ልትገለበጥ ትችላለች። ጥቂት ዝቅ ብትል ይህ አደጋ ይቀንሳል። ፋብሪካውም ቢሆን ችግሩን አላጣውም፤ ለ1967 ሞዴል ሁለቱን የኋላ እግሮች የሚያያይዝ ተጨማሪ ዘንግ አስገብቷል። ከእንጦጦ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

ይሁንና የምንነዳው በኮረኮንችና በኮብልስቶን ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉድጓዱ ውኃ ሞልቶ አይታይም። ዝቅ ያለች መኪና እግሯ የሚወርድበትና የሚወጣበት ቦታ ያጥራታል። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጓ! ትላለች። ያን ጊዜ የሚመታው የሰው ወገብ ነው።

ክርክሩን ይዘን መካኒኩ ዘንድ ሄድን። «ጋሼ፣ ይፍረዱን» አልናቸው። መልስ ሳይሰጡ የመኪናዋን ጥግ በሁለት እጃቸው ተጭነው ለቀቁት። ሦስት ጊዜ ዘለለች።

«አያችሁ ልጆች? ደህና ብትሆን አንዴ ተነሥታ ትቆም ነበር። አሞርዛተሯ ሞቷል። ጎማዋ ደርቋል። የኋላ እግሯ የተቀመጠባቸው ላስቲኮችም ተበልተዋል። እናንተ ስለ ቁመቷ ትጣላላችሁ፤ እሷ ገና መሬት መያዝ አቅቷታል!»

ከዚያ ተራውን ነገሩን፦ መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ አሞርዛተር፣ ቀጥሎ ላስቲኮቹ፣ ከዚያ የጎማ አሰላለፍ። ገንዘብ ከተረፈ በካምቢዮው ሥር የሚታሰር አንድ ቅጠል ብረት አለ፤ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች አብረው ወደ ሥር እንዳይታጠፉ ይከለክላል፣ ቁመቷን ግን አይቀንስም። ዝቅ ማድረጉን በመጨረሻ ላይ አስቀመጡት።

ሶማሌ ተራ ዞረን አሞርዛተሮቹንና ላስቲኮቹን ገዛን። ከጎማው በኋላ ኪሳችን ባዶ ሆነ። ጓደኛችን ግን አልተረታም። «አባቴ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ እያጠበ ሰው እንዲያያት ነበር የሚፈልገው» ይላል። ይህንንስ ማን ይንቀዋል? እናቱ ሳይቸገሩ የሚወጡባት፣ ሰውም ዞር ብሎ የሚያያት መኪና መፈለግ ነውር አይደለም። ስለዚህ ተስማማን፦ ቅጠል ብረቱ ከገባ በኋላ፣ እናቱን አሳፍረን ወገባቸውን ከጠየቅን በኋላ፣ እንደ ገና እንከራከራለን። እስከዚያው ጥርሱ ፋብሪካው ባስቀመጠው ቦታ ይቆያል።