ቡታን፤ ሌሊቱን ቆጥሮ የሚያስገባ አገር

ወደ ሌላ አገር ለመሄድ የሚያስብ ሰው ዘወትር የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው፤ ገንዘቡ ይበቃኛል ወይ? የዕረፍት ፈቃድስ አገኛለሁ ወይ? ወደ ቡታን ለመሄድ ለሚያስብ ግን ከሁለቱም የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አገሩ እንግዳውን የሚቀበለው በምን ሥርዓት ነው? የሚል ነው። ቡታን እንግዳ የሚጠላ አገር አይደለም። ነገር ግን እንግዳው የሚያድርበትን ሌሊት ቆጥሮ፣ ዋጋውን ተቀብሎ፣ መሪ ሰጥቶ የሚያስገባ አገር ነው።

እኔ አገሩን ገና አላየሁትም። በትምህርት ቤታችን የመምህራን ዕቁብ አለና፣ እኔና ጂኦግራፊ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ዕጣችን ሲወጣ ገንዘቡን ለዚህ ጉዞ ልናውለው ተስማምተናል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ደርሶ የተመለሰ መንገደኛ ወሬ ሳይሆን፣ ለመሄድ የሚሰናዳ ሰው ከካርታ፣ ከመጻሕፍትና ከቡታን መንግሥት ማስታወቂያ ለቅሞ ያገኘው ነው። የምጠቅሳቸውም ዓመታት፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ቡታን በሂማልያ ተራሮች ውስጥ፣ ቲቤትን በሰሜን ሕንድን በደቡብ አድርጎ የተቀመጠ ንጉሣዊ አገር ነው። ስፋቱ 38 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሕዝቡ 800 ሺህ አይሞላም፤ የአዲስ አበባ ሕዝብ ብቻውን ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ባላገሮቹ «ድሩክ ዩል» ይሉታል፤ የነጎድጓድ ዘንዶ አገር ማለት ነው። በ1864 እና በ1865 ከእንግሊዞች ጋር ተዋግቶ በደቡብ በኩል ያለውን ለም ሜዳ ቢያጣም፣ ቅኝ ግዛት ሆኖ አያውቅም።

በሩን እንዲህ ጠብቆ የመያዙ ምክንያት ከዚህ አቀማመጡ ይጀምራል። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአገሩ ውስጥ መኪና የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ በ1958 ቡታንን ሊጎበኙ ሲመጡ፣ ከልጃቸው ከኢንድራ ጋንዲ ጋር በቲቤት በኩል ዞረው፣ ብዙ ቀን በእንስሳት ጀርባ ተጉዘው ነው ፓሮ የገቡት። ቻይናዎች ቲቤትን ከያዙ በኋላ ግን የሰሜኑ በር ተዘጋ፤ ንጉሡም ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዞሩ፤ በሕንድ እርዳታም የመጀመሪያው የመኪና መንገድ ተሠራ። በ1971 ቡታን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ ጎረቤቱ ሲኪም፣ እሱም ንጉሥ የነበረው ትንሽ የተራራ አገር፣ ከሕንድ ጋር ተቀላቅሎ እንደ አገር መቆሙ አበቃ። በሁለት ግዙፎች መካከል የሚኖር ትንሽ አገር ይህን አይቶ በሩን አጥብቆ ቢይዝ የሚያስገርም አይመስለኝም።

በ1974 አራተኛው ንጉሥ ጂግሜ ሲንግዬ ዋንግቹክ በ18 ዓመታቸው ዘውድ ጫኑ። ለበዓሉ የሚመጡት የውጭ እንግዶች የሚያርፉበት ቤት ተሠርቶ ነበርና፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ በሩ ለአገር ጎብኚዎች ተከፈተ። በዚያ ዓመት የገቡት ጎብኚዎች 287 ብቻ ናቸው። በዚያው ዘመን ጎረቤቱ ኔፓል በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ የካትማንዱ ጎዳናዎች ከኤውሮጳና ከአሜሪካ በመጡ ጠጉረ ረጃጅም ወጣቶች ተሞልተው ነበር። ቡታን ሌላ መንገድ መረጠ፤ ጥቂት ሰው ይግባ፣ የገባውም ደህና አድርጎ ይክፈል የሚል ነው።

የሥርዓቱ ዝርዝር እንዲህ ነው። ከሕንድ፣ ከባንግላዴሽና ከማልዲቭስ ዜጎች በቀር የውጭ አገር ሰው ሁሉ ቪዛውን ከመነሣቱ በፊት በኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ለዚህም የማይመለስ 40 ዶላር ይከፍላል። ከዚህ ሌላ የዘላቂ ልማት ክፍያ የሚባል፣ በየሌሊቱ የሚታሰብ 100 ዶላር አለ። ልብ በሉ፤ ይህ ገንዘብ አልጋውን፣ ምግቡን፣ መኪናውንና አስጎብኚውን አይጨምርም። ቀድሞ አከፋፈሉ ሌላ ነበር፤ ጎብኚው በደጉ ወቅት በቀን 250 ዶላር ይከፍልና መኝታው፣ ምግቡና አስጎብኚው በዚያው ይጠቃለልለት ነበር፤ ከዚያም ላይ 65 ዶላሩ የመንግሥት ድርሻ ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ በ1920 ሳይሆን በዚህ በእኛ ዘመን፣ በመጋቢት 2020፣ በሩ ጨርሶ ተዘጋ። በመስከረም 2022 ሲከፈት የመንግሥቱ ድርሻ ብቻውን 200 ዶላር ሆነ። እንግዳው ቀነሰ፤ ባለ ሆቴሎቹም ተጨነቁ፤ በዓመቱም ክፍያው በግማሽ ተቀንሶ 100 ዶላር ሆነ። ይህ ቅናሽ የሚጸናው እስከ ነሐሴ 31 ቀን 2027፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር እስከ ነሐሴ 25 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ሕንዶች ግን የሚከፍሉት በየሌሊቱ 1,200 ሩፒ ብቻ ነው፤ መንገዱን የሠራ ጎረቤት እንደ ሩቅ ሰው አይቆጠርም።

ገንዘቡ ለነጻ ሕክምና፣ ለነጻ ትምህርትና ለደን ጥበቃ እንደሚውል መንግሥቱ ይናገራል። የደኑ ነገር ቀልድ አይደለም፤ በ2008 የወጣው ሕገ መንግሥት ከአገሩ መሬት 60 በመቶው ለዘለዓለም በደን ተሸፍኖ እንዲኖር ያዝዛል፤ የተሸፈነውም ከዚህ ይበልጣል።

እንግዲህ ሒሳብ እንሥራ። አምስት ሌሊት ለማደር ያሰበ ሰው፣ አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ 540 ዶላር ይወጣበታል። ከዚህ ውስጥ የአንዱ ሌሊት ክፍያ ብቻ ከእኔ የወር ደመወዝ ይበልጣል። ይህን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስናሰላ የሰሙ አንድ አንጋፋ የታሪክ መምህር ሻያቸውን አስቀምጠው፣

«እስቲ ንገረኝ ልጄ፤ ይህ ክፍያ የሚያጣራው ምኑን ነው? ባለጌውን ነው ወይስ ድኻውን?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ገንዘቡ እኮ ለሐኪም ቤትና ለትምህርት ቤት ይውላል» ብላቸው፣

«ይዋል፤ መልካም ነው። እኔ የጠየቅሁህ ግን ስለ ወንፊቱ ነው» አሉ።

እኔም ነገሩን ደጋግሜ አስቤበት ከእሳቸው ጋር ለመስማማት ተገድጃለሁ። ክፍያው እንደ ቀረጥ ከታየ ትክክል ነው፤ እንግዳ የሚረግጠውን መንገድና የሚያየውን ደን የሚጠብቀው ገበሬ ዋጋውን ማግኘት አለበት። ጨዋውን ከባለጌው ለመለየት ነው ከተባለ ግን አይለይም። ሀብታም ባለጌ መቼም ጠፍቶ አያውቅም።

አስጎብኚ እንዲከተል የሚያዘው ደንብ ግን በእኔ ዘንድ ከገንዘቡ ይሻላል። ከፓሮና ከዋና ከተማው ከቲምፉ አልፎ የሚሄድ እንግዳ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ሊኖረው ይገባል፤ የይለፍ ወረቀቱንም በየኬላው የሚያሳየው እሱ ነው። በቤተ መቅደስ ውስጥ ጫማ እንዲወልቅ፣ ፎቶግራፍ እንዳይነሣ የሚነግረው አጠገቡ አለ። በራሱ መዞር የለመደ ሰው እንደ እስረኛ ሊቆጥረው ይችላል፤ ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ግን ጥቅም አለው፤ አንድ የአገሬው ሰው የዕለት እንጀራውን ያገኝበታል።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። በአውሮፕላን ለሚመጣ የውጭ መንገደኛ መግቢያው ፓሮ ነው። ከቦሌ ተነሥቶ ደልሂ ወይም ባንኮክ ድረስ በአየር መንገዳችን መሄድ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከሁለቱ የቡታን አየር መንገዶች በአንዱ መሳፈር ነው። የፓሮ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል፤ በዙሪያው ያሉት ተራሮች እስከ 5,500 ሜትር ይደርሳሉ። አብራሪው በዓይኑ እያየ በተራሮቹ መካከል ተጠማዝዞ ስለሚያርፍ፣ በረራው በቀን ብርሃን ብቻ ነው፤ ለዚሁ የተለየ ፈቃድ ያላቸው አብራሪዎችም ጥቂት ናቸው። ደመና ከወረደ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ለመመለሻ አንድ ትርፍ ቀን መያዝ ብልህነት ነው።

በደልሂ ለማለፍ ላሰበ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሻንጣን አውጥቶ እንደገና ማስመዝገብ ካስፈለገ ሕንድ መግባት ነውና ቪዛ ይጠየቃል፤ ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ይህ ይጣራ። ሁለተኛው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው ይህን ሳይዝ ሕንድ ቢደርስ ለብቻው ተገልሎ ሊቆይ ይችላል። ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት።

ከሁሉ የከፋብን የወቅቱ ነገር ነው። ቡታን የሚያምረው ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ በፓሮና በቲምፉ ካህናቱ ጭምብል አድርገው የሚያሸበሽቡባቸው ታላላቅ በዓላትም በእነዚሁ ወቅቶች ይውላሉ። የእኛ የመምህራን ዕረፍት ደግሞ ክረምት ነው፤ የእነሱም ዝናብ የሚዘንበው በዚያው ጊዜ ነው! ተራራው በጉም ይሸፈናል፤ መንገዱ ይናዳል፤ በጫካው ውስጥም አልቅት ይበዛል። ፎብጂካ በሚባለው ሸለቆ ከቲቤት እየመጡ የሚከርሙት ጥቁር አንገት ያላቸው ቁራዎች ሳይሆኑ ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች የሚታዩት ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ የካቲት ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦው ለእነዚህ ወፎች ሲባል ከመሬት በታች ተቀብሮ ነው የተዘረጋው። እኛ የምንደርሰው ወፎቹ በሌሉበት ነው፤ ሽቦውም አይታይ።

የሆነ ሆኖ በአምስት ሌሊት ብዙ ነገር ማየት ይቻላል። በፑናካ፣ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ግንብ አለ፤ ግማሹ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ግማሹ ገዳም ነው። በቲምፉ የትራፊክ መብራት የለም፤ አንድ ጊዜ ተተክሎ ሕዝቡ ስላልወደደው ተነሥቶ፣ ነጭ ጓንት ያደረገው ፖሊስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ምግባቸው ቃሪያ ከአይብ ጋር የተቀቀለበት ወጥ ነው፤ ቃሪያው እንደ ቅመም ሳይሆን እንደ አትክልት ስለሚበላ፣ ኤውሮጳዊው የሚያለቅስበት ገበታ ለእኛ የሚከብደን አይመስለኝም። ከፓሮ ሸለቆ 900 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በገደል ላይ የተለጠፈው የታክትሳንግ ገዳም በ1692 ተሠርቶ፣ በ1998 ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል፤ ለመውጣት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ደብረ ዳሞን በገመድ የወጣ ሰው አይፈራውም።

ገንዘብ ቢከፈልም የማይከፈት በርም አለ። ጋንግካር ፑንሱም የሚባለው 7,570 ሜትር የሚሆነው ተራራ፣ ሰው ካልረገጣቸው የዓለም ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ባላገሮቹ ተራሮቹን የመናፍስት ማደሪያ አድርገው ስለሚያከብሩ፣ በ1994 ከ6,000 ሜትር በላይ መውጣት ተከለከለ፤ በ2003 ደግሞ ተራራ የመውጣት ስፖርት ጨርሶ ቀረ። ከክልከላዎቹ ሁሉ እኔ የወደድኩት ይህን ነው፤ በዶላር አይሻርምና።

ነገር ግን ስለዚህ አገር የሚጻፈው ሁሉ ስለ ደስታና ስለ ደን ብቻ ስለሆነ፣ የሚዘለለውን መናገር ግዴታ ነው። በደቡብ ቡታን ኔፓልኛ የሚናገሩ ብዙ ገበሬዎች ይኖሩ ነበር። በ1980ዎቹ ማብቂያ መንግሥቱ የዜግነት ቆጠራ አድርጎ ብዙዎቹን ዜጋ አይደላችሁም አላቸው፤ የሰሜኑን አለባበስ እንዲለብሱ ታዘዙ፤ ቋንቋቸው ከትምህርት ቤት ወጣ። በ1990 ሰልፍ ወጡ፤ ከዚያ በኋላ እስርና መባረር መጣ። ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑ ሰዎች በምሥራቅ ኔፓል በስደተኛ ሰፈር ለዓመታት ከኖሩ በኋላ፣ ከ2007 ማብቂያ ጀምሮ ከ110 ሺህ በላይ የሚሆኑት ወደ ሌሎች አገሮች፣ አብዛኞቹም ወደ አሜሪካ ተወስደዋል። ከ800 ሺህ በታች ሕዝብ ላለው አገር ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ አንባቢው ያስላው። እኔ ቋንቋ ለሚያስተምር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ልጆች አፍ የፈቱበት ቋንቋ ከክፍል መውጣቱ ነው።

በሩ አሁን ደግሞ በሌላ በኩል ያሳስባል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ወጣት ቡታናውያን፣ በተለይም መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች፣ ለትምህርትና ለሥራ ወደ አውስትራሊያ እየሄዱ ነው። የሚገባውን እንግዳ በሌሊት የሚቆጥር አገር፣ የሚወጣውን መምህር መያዝ አልሆነለትም። እኔና ጓደኛዬ በዚያ ስንደርስ፣ ከግንቡና ከገዳሙ ይልቅ አንድ የእኛ ብጤ መምህር አግኝተን፣ ስንት እንደሚከፈለውና ለምን እንዳልሄደ ብንጠይቀው እንወዳለን። አስጎብኚው ይህን በዕለቱ መርሐ ግብር ውስጥ ያስገባልን እንደሆነ አስቀድመን በደብዳቤ እንጠይቃለን።

የዕቁቡ ዕጣ እስኪወጣ ድረስ ያለን ሥራ ይህ ነው። ዕጣው ቢዘገይ እንኳ፣ ቅናሹ ከሚያበቃበት ቀን በፊት የ2019 ዓ.ም. ሐምሌ አለልን፤ ዝናብ ቢሆንም። ጓደኛዬ የክትባት ካርዱን አውጥቷል፤ እኔ በሚመጣው ሳምንት እሄዳለሁ።