የሸክላው ዋጋ

የወንድሜ ልጅ እዚሁ ገራዶ፥ «ጋሼ፥ በራሴ ግጥምና ዜማ የመጀመሪያ አልበሜን እንዳስቀርጽ ገንዘብ ያበድሩኝ» ቢለኝ፥ «አሳታሚ እስኪፈልግህ ታገሥ» ብዬ መለስሁት።

ሌሊት ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። አንባቢ ሆይ፥ የዘፈን ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ሳለ፥ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1969 ዐምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀርጾ ሕንድ አገር አሳተመ። (በአባት ስም ቢመሳሰሉም ወንድማማቾች አልነበሩም።) እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጣ። «ታገሥ» የሚል ዘመድ ለእርሱም አልጠፋ ይሆናል!

ማለዳ ብሩን ይዤ ብሄድ፥ እናቱ «በሬውን ነድቶ ወደ ደሴ ገበያ ወጥቷል» አለችኝ። ዳገቱን ተከትዬው ሮጥሁ።