ለሰባት ቀን የተፈቀደ ፊልም

ሲኒማ ቤት የምታዘወትሩ ከሆነ እነዚህን ሰዎች በደንብ ታውቋቸዋላችሁ። አንደኛው ፊልሙ ከተጀመረ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይገባና በስልኩ መብራት ወንበሩን ሲፈልግ የሁላችንንም ዓይን ያጥበረብራል። ሁለተኛዋ ፊልሙን ቀድማ አይታዋለች፤ "ቆይ አሁን ደግሞ ታገኘዋለች" እያለች ለጓደኛዋ ስታስረዳ እኛም ሳንፈልግ እንሰማለን። ሦስተኛው ስልኩ ይጠራል፤ ያነሳዋል፤ "ሲኒማ ነኝ፣ ሲኒማ! በኋላ ልደውልልህ?" ይላል፤ ግን አይዘጋውም። አራተኛው ልክ ፍቅረኞቹ በሹክሹክታ ማውራት ሲጀምሩ የቺፕሱን ላስቲክ መቅደድ ይጀምራል።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛው ነገር በትክክል ምን እንደሆነ ማሰብ የዕለት እንጀራዬ ነው። እስቲ አስቡት፤ ፊልሙንማ ሶፋችሁ ላይ ጋደም ብላችሁ፣ ሻይ እየጠጣችሁ ማየት ትችላላችሁ። ታዲያ ትራፊኩን ችላችሁ፣ ሞግዚት ለምናችሁ፣ ተሰልፋችሁ ሲኒማ ቤት የምትገቡት ለምንድን ነው? ለጨለማው፣ ለትልቁ ስክሪን፣ ከማታውቋቸው ሰዎች ጋር አብሮ ለመሳቅና አብሮ ለመደንገጥ ነው። ጨለማውንና ስክሪኑን ሲኒማ ቤቱ ይሸጥላችኋል። የመጨረሻውን ግን እርስ በርስ ካልተሰጣጣን ማንም ሊሸጥልን አይችልም።

ይህ ነገር ከምንጊዜውም በላይ የገባኝ አዲስ አበባ ሳይሆን ናይሮቢ ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ለሥራ ስብሰባ እዚያ ነበርኩ። በዚያ ሳምንት በሻይ እረፍት የሚወራው ስለ አንድ ፊልም ነበር። "ራፊኪ" ይባላል፤ በስዋሂሊ "ጓደኛ" ማለት ነው። ዳይሬክተሯ ኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ ስትሆን፣ ታሪኩ ኡጋንዳዊቷ ደራሲ ሞኒካ አራክ ዴ ንዬኮ እ.ኤ.አ. በ2007 የኬይን ሽልማትን ካገኘችበት አጭር ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ፊልሙ በግንቦት 2010 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል ታይቷል፤ እዚያ ለመቅረብ የተመረጠ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ነው። በአገሩ ግን ካን ከመድረሱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ታግዶ ነበር። ታሪኩ የሁለት ወጣት ሴቶች ፍቅር ነው። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በእኛም በእነሱም አገር ሕግ ወንጀል ነው፤ የኬንያ የፊልም ተቆጣጣሪ ቦርድም ፊልሙ ይህን ያስፋፋል ብሎ ነበር ያገደው።

ዳይሬክተሯ ዝም አላለችም፤ ፍርድ ቤት ሄደች። መስከረም 11 ቀን ከፍተኛው ፍርድ ቤት እገዳውን ለሰባት ቀን ብቻ አነሳ። አንድ ፊልም ለኦስካር በአገሩ ስም ለመቅረብ አስቀድሞ ቢያንስ ለሰባት ተከታታይ ቀናት ሲኒማ ቤት መታየት ነበረበትና ነው። ማየት የሚችሉት ፈቃደኛ የሆኑ አዋቂዎች ብቻ ናቸው ተባለ። ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ፊልሙ ወደ እገዳው ይመለሳል።

እኛ በሙያችን "ቅናሹ እስከ እሁድ ብቻ ነው" የሚል ማስታወቂያ ለማስነገር ስንት ገንዘብ እናፈሳለን መሰላችሁ! እዚህ ግን ቦርዱና ፍርድ ቤቱ በአንድ ላይ፣ በነጻ፣ የትኛውም የማስታወቂያ በጀት የማይገዛውን ሠሩለት። ትኬቱ ወዲያው ወዲያው እያለቀ ተጨማሪ ሰዓት ይወጣ ነበር። አብረውኝ ስብሰባ ላይ የነበሩ ሁለት ኬንያውያን የሥራ ባልደረቦቼ እንደምንም ትኬት አግኝተው "ነይ እንሂድ" አሉኝ። ሄድን።

በኬንያ ሲኒማ ቤት ፊልም ከመጀመሩ በፊት ብሔራዊ መዝሙር ይሰማል፤ ሁሉም ብድግ ይላል። ያ የሞላ አዳራሽ በአንዴ ቆሞ ጸጥ ሲል ደስ አለኝ። "እነዚህስ ፊልም ማየት ያውቃሉ" አልኩ በልቤ። መዝሙሩ አለቀ፤ ተቀመጥን፤ ጸጥታው ግን ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መጀመሪያ ላይ የነበረው ጫጫታ የሚያስከፋ አልነበረም። ኬና እና ዚኪ የተባሉት ሁለቱ ልጆች ለአንድ የምክር ቤት ወንበር የሚፎካከሩ የሁለት አባቶች ልጆች ናቸው። በሰፈሩ አንዲት የምግብ መሸጫ ያላት ሴትዮ አለች፤ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ በእሷ ደጅ ያልፋል። ስትናገር አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ቀልዱ በሼንግ፣ ማለትም በናይሮቢ የአራዳ ቋንቋ ስለሆነ እኔ አልገባኝም፤ ግን አብሬ ሳቅሁ። እንደዚህ ዓይነቷን ሴትዮ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰፈር የትኛው ነው?

ሁለቱ ልጆች መቀራረብ ሲጀምሩ ግን አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ጎል እንደገባ ሁሉ ያፏጫል፣ ያጨበጭባል። ግማሹ "ኤጭ!" ይላል፣ ይሳለቃል። ከሁለቱ መካከል ደግሞ ስልኮች ተነሡ። "የታገደውን ፊልም አየሁ" ለማለት ስክሪኑን የሚቀርጹ ናቸው። ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት ጭራሽ ጀርባውን ለፊልሙ ሰጥቶ፣ ስክሪኑን ከኋላው አድርጎ ራሱን ይቀርጽ ጀመር። ይኼ ሁሉ ሰው ተጋፍቶ የገባው ፊልሙን ለማየት ነው ወይስ ማየቱን ለማሳየት?

ከዚያ ያ ትዕይንት መጣ። የሰፈሩ ሰው ልጆቹን አብረው ያገኛቸውና ተሰብስቦ ይደበድባቸዋል። ከኋላችን ሳቅ ተሰማ። ሰው ሲጨንቀው ባልሆነ ቦታ እንደሚስቀው ዓይነት አልነበረም፤ ደስ ያለው ሰው ሳቅ ነበር። በስተግራዬ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ሊጠየቅ የሚገባው ነገርም አልነበረም። ከባልደረቦቼ አንዷ ወደኋላ ዞራ "እባካችሁ!" አለች። የተሰጣት መልስ "ከፍዬ ነው የገባሁት" የሚል ነበር።

በዚህ ጉዳይ የእናንተ እምነት ምንም ይሁን ምን፣ እኔ ይህችን አንድ ነገር ልናገር። ሰው በመንጋ ሲደበደብ አያስቅም፤ በስክሪንም ቢሆን አያስቅም። ደግሞ "ከፍዬ ነው የገባሁት" የሚለው አባባል የሁላችንም ነው። እኔም ከፍያለሁ፤ ፊቷን የሸፈነችው ልጅም ከፍላለች።

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጠብቄው የነበረውን ያህል አላገኘሁትም። የሚያምር ነገር የለውም ማለቴ አይደለም። ቀለሙ ያስደስታል፤ ልብሱ፣ የዚኪ ባለቀለም ሹሩባ፣ የሰፈሩ ግድግዳ፣ ሁሉም ነገር ደማቅ ነው። አፍሪካን በችግርና በአቧራ ብቻ ማሳየት ለሰለቸው ሰው ዓይን የሚያሳርፍ ነው። ሁለቱ ተዋናዮችም ጎበዞች ናቸው። ችግሩ ፍቅሩ መቸኮሉ ነው። ትናንት ከሩቅ የሚተያዩ ሰዎች ዛሬ ያለአንቺ አልኖርም ይባባላሉ፤ በመካከል ያለውን፣ ፍቅርን ፍቅር የሚያደርገውን የእለት ተእለት ነገር አላየነውም። ሌሎቹም ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ታፔላ የተሸከሙ ይመስላሉ፦ ሐሜተኛዋ፣ ሰባኪው፣ ፖለቲከኛው። በእኔ ዓይን ከሁሉም የሚበልጥ ታሪክ ያላት የኬና እናት ናት። ባሏ ትቷት ሌላ ወጣት ሚስት አግብቷል፤ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ናት። ባሏን ያጣችበት ሰፈር ደግሞ በልጇ ምክንያት ጣቱን ይቀስርባታል። እኔ ከዚህች እናት ጋር ተቀምጬ ቡና ብጠጣ ደስ ባለኝ ነበር። ፊልሙ ግን ደጇ ላይ ቆሞ ሰላም ብሏት ያልፋል። መጨረሻው ላይም ዓመታት በአንድ ዝላይ ይታለፋሉ።

"ያን ሁሉ ጫጫታ ችለሽ ምን አየሽና?" ትሉኝ ይሆናል። እኔም አስቤበታለሁ። የፍቅር ፊልም የሚሠራው ከትንንሽ ነገር ነው፤ ከትንፋሽ፣ ከዓይን፣ ከዝምታ። እነዚያን ፉጨቱ በልቷቸዋል፤ ለዚያ ተጠያቂው አዳራሹ ነው። የእናትየው ታሪክ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ግን የጫጫታ ጉዳይ አይደለም፤ የድርሰቱ ነው። ሌላም አለ። ያገዱት ሰዎች "አደገኛ ነው" ብለውኛል፤ የደገፉት "ታሪካዊ ነው" ብለውኛል። ፊልሙ ጥሩ ፊልም ይሁን አይሁን የነገረኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። በንግድ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዓመት ላይ የምንማረው ነገር ነው፤ ደንበኛ የሚከፋው በደረሰው ዕቃ ብቻ ሳይሆን በተገባለት ቃልና በደረሰው ዕቃ መካከል ባለው ክፍተት ነው። እገዳ ደግሞ ቃል ይገባል፤ የትኛውም ፊልም የማይሞላው ቃል።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ "ድፍረት" የተሰኘው ፊልም አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው ተቀምጦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መቆሙን ታስታውሳላችሁ። ፊልሙ ስለ ጠለፋ ነው፤ በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ነው። እኛ ቢሮ ግን በዚያ ሰሞን በምሳ ሰዓት ክርክሩ ሁሉ ስለ ትእዛዙ ነበር፤ ስለ ጠለፋ ያነሳ ሰው አላስታውስም። ኋላ ተፈቅዶ ሲታይ ነው ሰዉ ወደ ልጅቷ ታሪክ የተመለሰው።

የናይሮቢውን ታሪክ ልጨርስላችሁ። ኬንያ በመጨረሻ ለኦስካር የላከችው "ራፊኪ"ን አይደለም፤ "ሱፓ ሞዶ" የተባለውን ፊልም ነው። በጠና የታመመች አንዲት ትንሽ ልጅ ልዕለ ኃያል ጀግና መሆን ትመኛለች፤ መንደሩ ሁሉ ተረባርቦ ጀግና የምትሆንበትን ፊልም ይሠራላታል። አገኘሁትና ቤቴ አየሁት። ማንም አላገደውም፣ ማንም አልተጋፋለትም፤ ለእኔ ግን የተሻለው እሱ ሆኖ አገኘሁት። ከፍ ያሉ ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ እዩት፤ መሐረብ አዘጋጁ እንጂ።

ይህን ስል የጫጫታ ጠላት እንዳልመስላችሁ። እኔ ያደግሁት ሰፈር ውስጥ በነበረ ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን "ከኋላህ! ከኋላህ!" እያልን አክተሩን እናስጠነቅቅ ነበር፤ አክተር እንደማይሞት እያወቅን። ዛሬም በአማርኛ ፊልም ላይ ሰው አንድ ላይ ከንፈሩን ሲመጥ ደስ ይለኛል። አያቶቻችን የመጀመሪያውን ሲኒማ "ሰይጣን ቤት" ብለው ነበር የሚጠሩት፤ እነሱም ቢሆኑ በጸጥታ የተቀመጡ አይመስለኝም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ጫጫታ ወደ ፊልሙ ይሄዳል፣ አብሮ ያስገባናል። ሌላው ግን ወደ ጎረቤታችን ወንበር ይሄዳል፣ የእሱን ፊልም ይወስድበታል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ እነዚህን ሞክሩ። አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። ፈንድሻውንም የሽንት ቤቱንም ጉዳይ መብራቱ ሳይጠፋ ጨርሱ። ስልካችሁን ልጆቹ እያዩ አጥፉት፤ ልጅ የሚማረው ከምክር ይልቅ ካየው ነው። ልጃችሁ ጥያቄ ካለው በጆሮው መልሱለት፤ ረዘም ካለ "ስንወጣ እነግርሃለሁ" በሉትና ቃላችሁን ጠብቁ። ሕፃን ካለቀሰ ይዞ ወጣ ማለት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ አዳራሹ ሁሉ ይመርቃችኋል። የሚረብሽ ሰው ካለ አንድ ጊዜ በትህትና ጠይቁት፤ እምቢ ካለ ተነሥታችሁ አስተናጋጁን ጥሩ። ሲኒማ ቤቶቻችንም ትኬት ቆርጠው ካስገቡን በኋላ አንድ ሠራተኛ አዳራሹ ውስጥ ቢያቆሙ ደንበኛ አያጡም፤ ይህን እንደ ባለሙያ ነው የምናገረው።

ፊልሙ ከታገደ ደግሞ፣ ወይም ዓለም ሁሉ ካወደሰው፣ ስትገቡ ሁለቱንም ወሬ በር ላይ ተዉት። ካልወደዳችሁት አትውደዱት፤ ከወደዳችሁት ውደዱት። ሲያልቅ አቅራቢያችሁ ካለው ካፌ ግቡ፣ ማኪያቶ እዘዙ፣ ከዚያ እስኪበቃችሁ ተከራከሩ። መጮህ ካስፈለገም እዚያ ጩኹ።