ልጃችንን ማን ያስተምራት?

የጥቅምት ብርድ በእኛ ሰፈር ምሕረት የለውም። ቁስቋም ከእንጦጦ ሥር ስለሆነ ፀሐይ ገባ ሲል ነፋሱ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ወደ እኛ ይወርዳል። በዚያን ሰዓት የፓስተር ቤት በር የሚያንኳኳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ የታመመ አለበት ወይ በቤቱ ጠብ ተነሥቷል። ከ2 ዓመት በፊት አንድ ምሽት በሩን ስከፍት ግን የቆመችው ከመዘምራኖቻችን አንዷ ነበረች። ትንሹን ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ በእጇ የወረቀት ማኅደር ይዛለች።

«እትዬ፣ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

ይህች እህት በክፍለ ሀገር ካሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ሥነ ልቦና (እነርሱ ሳይኮሎጂ የሚሉትን) ተምራ በጥሩ ውጤት ተመርቃለች። በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆና ትሠራለች። አሁን በውጭ አገር በነጻ የትምህርት ዕድል ማስተርሷን ለመማር ማመልከት ፈልጋለች፤ ለዚህም አገልግሎቷን የሚያውቅ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍላት ተጠይቃለች።

«እሺ የኔ ልጅ፣ እጸልይበታለሁ» አልኳት።

ውድ አንባቢያን፣ ይህቺን «እጸልይበታለሁ» ታውቋታላችሁ አይደል? እውነቱን ልናገርና፣ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ 3 ሳምንት አልከፈትኩትም። ስለ ጉዳዩም የጸለይኩት ጸሎት አልነበረም።

ለምን? ራሴን ስመረምር ሦስት ነገር አገኘሁ። አንደኛ፣ ሥነ ልቦና የሚባለው ትምህርት እምነቷን ያቀዘቅዘዋል ብዬ ሠጋሁ። ሁለተኛ፣ ባሏንና ልጇን ጥላ ልትሄድ ነው ብዬ አዘንኩ። ሦስተኛ፣ ከሄደች አትመለስም ብዬ ደመደምኩ። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ጥፋቴ እርሷን ሳልጠይቅ ራሴ መልሼ መጨረሴ ነው።

መሳቢያውን ያስከፈተኝ አንድ የቆየ ትዝታ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በኅብረታችን አንዲት እናት በወለደች በወሩ እንቅልፍ አጣች፤ ሕፃኑን ማቀፍ አቃታት፤ ዝም ብላ ግድግዳ ታያለች። እኛ እህቶች ተሰብስበን ጸለይን፤ መጸለያችን መልካም ነበር። እኔ ግን ጸሎቱ ላይ ምክር ጨመርኩ። «ተነሺ፣ በእምነት በርቺ፣ ይህ የምስጋና ጊዜ ነው» አልኳት። እየባሰባት ሄደ። በመጨረሻ እናቷ አማኑኤል ሆስፒታል ወሰዷት። አማኑኤል ለብዙ ዘመን የአገራችን ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረ ነው፤ ስሙን እንደ ስድብ የምንጠቀምበት ብዙዎች ነን። እርሷ ግን እዚያ በመድኃኒትና በምክር ዳነች። ከወራት በኋላ እንዲህ አለችኝ፡- «እትዬ፣ ስትጸልዩልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ምን እንደሚሰማኝ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።»

እኔ 4 ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬያለሁ። ኤልያስ ከዛፉ ሥር ወድቆ ሞቱን ሲለምን እግዚአብሔር አስቀድሞ እንዳስተኛውና እንዳበላው፣ ከዚያም ምን ታደርጋለህ ብሎ እንደጠየቀው ብዙ ጊዜ አስተምሬያለሁ (1ኛ ነገሥት 19)። ያቺ እናት ፊቴ ስትሆን ግን መጠየቅ አልቻልኩም። መጠየቅ የሚማሩት ሙያ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ይህን ሙያ ልማር የምትለዋን ልጅ ደብዳቤ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ተቀምጫለሁ!

በማግስቱ ከነባሏ ቤታችን ጠራናቸው። ባለቤቴም አብሮን ተቀመጠ። ሻይ ተፈልቶ ወሬ ሲጀመር ለካ ሌላ ነገር ኖሯል። አንድ ደላላ «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ» ብሎ 80 ሺህ ብር ጠይቋቸዋል። ባሏ ታክሲ ላይ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ነው፤ የራሱን መኪና ለመግዛት ያጠራቀማትን ገንዘብ ሊሰጥ ተስማምቷል። «ለእርሷ ብዬ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። እርሷ ደግሞ እንዳይከፋው ብላ ዝም ብላለች። እርስ በርስ የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች ባለመነጋገር ብቻ ጥሪታቸውን ሊያጡ ነበር።

በዚያ ምሽት ለ4 ሆነን ወረቀት ዘርግተን ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ ጻፍን። የተማርነውን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ብዙዎቻችን የትምህርት ዕድል ሲባል ባሕር ማዶ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን እህታችን የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያገኘችው በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ነው። ተማሪው ውል ይፈርማል፤ የምግቡንና የመኝታውን እንዲሁም ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን ሥራ ሲይዝ ቀስ በቀስ ይከፍላል። የቀረውን የሸፈነው የአገሩ ሕዝብ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ራስ ገዝ ስለሆነ ስለ ክፍያና ስለ መግቢያ ራሱን ዩኒቨርሲቲውን መጠየቅ ይገባል። ለማስተርስ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን መምህራን ልከው ያስተምራሉ፤ ሌላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። ይህም ቢሆን በር የተከፈተበት ጊዜ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ የጀመረው ፕሮግራም በተለይ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ አስተምሯል።

ወደ ውጭም ስናይ መንገዱ አንድ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ቼቭኒንግ የ1 ዓመት ማስተርስ ነው፤ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተምሮ የጨረሰው ሰውም ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ 2 ዓመት መቆየት አለበት። ለባልና ለልጅ ግን አይከፍልም። በ2013 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሃንጋሪ መንግሥት ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም ትምህርቱን በነጻ ያደርጋል፣ ማደሪያም ይረዳል፤ የኪስ ገንዘቡ ግን ለኑሮ ስለማይበቃ ተማሪው ከራሱ መጨመር አለበት። የቱርክ መንግሥት ዕድል አስቀድሞ የ1 ዓመት የቱርክኛ ትምህርት ስላለው ማስተርሱ በድምሩ 3 ዓመት ገደማ ይወስዳል። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ ተማሪውን ከአገር አገር እያዘዋወረ ያስተምራል፤ ስለ ስደትና ስለ መገለል በሥነ ልቦና ዓይን የሚያስተምር ማስተርስም ይገኝበታል።

ባሏ ብዕሩን አስቀምጦ «ማመልከቻውስ ስንት ነው የሚከፈልበት?» ብሎ ጠየቀ። እርሷም «ለቼቭኒንግም፣ ለሃንጋሪውም፣ ለቱርኩም ማመልከት በነጻ ነው» አለችው። ዝም ብሎ አያት። የ80 ሺህ ብሩ ነገር በዚያው አበቃ።

በዚያ ሌሊት ዳንኤል ትዝ አለኝ። ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን 3 ዓመት የከለዳውያንን ጥበብ ተማሩ። ምግባቸውን፣ መጠጣቸውንና መምህራቸውን የሸፈነው ንጉሡ ነበር። የዛሬ ልጆቻችን «ፉል ስኮላርሺፕ» የሚሉት እርሱን አይደለምን? ዳንኤል ትምህርቱን አልጠላም፤ ማዕዱን ግን መረመረ፤ የማይቀበለውንም በትሕትና ለአለቃው ነገረው። እኔ ትምህርቱን ፈርቼ ነበር፤ መመርመር የነበረብኝ ማዕዱን ነው። እያንዳንዱ የትምህርት ዕድል ማዕድ አለው። ማን ነው የሚከፍለው? በምላሹ ምን ይጠይቃል? የት ያደርሳል? ቤተሰቡንስ ምን ያስከፍለዋል? ባልና ሚስት እነዚህን ተነጋግረው ሳይጨርሱ ማመልከቻ መላክ የለባቸውም።

ደብዳቤውንም ጻፍኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት «ትጉህ፣ ትሑት፣ በመንፈስ የምታገለግል» የሚል ነበር። እርሷ አንብባ በትሕትና «እትዬ፣ ያደረግኩትን ቢጽፉልኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት የምትይዛቸውን ልጆች ቁጥር፣ አባቱ የሞተበትን ልጅ ከወራት ዝምታ በኋላ እንዴት እንዳናገረችው ጻፍኩ። ወላጆችና መጋቢዎች ሆይ፣ እባካችሁ ምስጋና ብቻ አትጻፉ፤ ያያችሁትን ጻፉ።

በሰኔ መልስ መጣ፤ አልተመረጠችም። ሁለቱም ቤታችን መጥተው አለቀሱ። እርሷ ግን አስቀድማ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አልፋ ኖሮ በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የምክር አገልግሎት ሥነ ልቦና ለመማር ተቀባይነት አገኘች። ችግሩ ክፍያው ነው።

ነገሩ ለሽማግሌዎች ቀረበ። አንድ አባት «ለወንጌላውያን ደመወዝ እያጠረን ቤተ ክርስቲያን ሳይኮሎጂ ታስተምር?» አሉ። በቅንነት የተናገሩት ነው፤ የገንዘቡን እጥረት ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። የእህቶች አገልግሎት ኃላፊ ስለሆንኩ እኔም እንድናገር ተፈቀደልኝ። «አባቴ፣ እኔን 4 ዓመት ያስተማረኝ ማን ነው? ይህች አጥቢያ አይደለችምን? ያን ጊዜም ብር ተርፎን አልነበረም» አልኩ። ከዚያም ስለ አእምሮ ሐኪሞቻችን ያነበብኩትን ነገርኳቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. በመላው አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ወደ 10 የሚጠጉ ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ ሥልጠናውን እዚሁ ጀመረ፤ መምህራኑ እየመጡ፣ ተማሪዎቹ አገራቸው ሆነው፣ በሽተኞቻቸውን በቋንቋቸው እያነጋገሩ ተማሩ። ከተመረቁትም ብዙዎቹ እዚሁ ቀሩ። «ሄዳ አልተመለሰችም ብለን ከመውቀስ እዚህ ሆና ስትማር እናግዛት» አልኩ።

ባለቤቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፡- «ከጦርነቱ ወዲህ ቢሮዬ የሚመጣው ሰው ሌላ ነው። ልጁ የሞተበት፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ይመጣል። እጸልያለሁ፤ መጸለይ አልተውኩም። ከጸሎቱ በኋላ ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ቤቴ ገብቼም አልተኛም።» 20 ዓመት አብሬው ስኖር ይህን በሰው ፊት ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የ1ኛውን ዓመት ክፍያ ግማሽ ቤተ ክርስቲያን እንድትከፍል ተወሰነ። የእህቶች ኅብረት በወር 50 ብር እያዋጣ ትራንስፖርቷንና መጻሕፍቷን ቻለ። የቀረውን ባሏ ለመኪናው ካጠራቀመው ከፈለ። እርሷም ስትመረቅ ለ2 ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ልታገለግል ውል ፈረመች። ከመፈረሟ በፊት ግን እንደ ዳንኤል አንድ ነገር ለመነች፡- «የምሰማውን ምሥጢር ለማንም አልናገርም፤ ለፓስተርም ቢሆን፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር።» ሽማግሌዎቹን ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ከበዳቸው። 2 ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ ያ «ሳይኮሎጂ ታስተምር?» ያሉት አባት ራሳቸው «ምሥጢር የማይጠበቅበት ቤት ማን ይመጣል? ይፈረም» አሉ።

አሁን 2ኛ ዓመቷን ጀምራለች። የዚህ ዓመት ክፍያ ገና አልሞላም፤ እየጸለይን እያዋጣን ነው። ማታ ክፍል ስትሆን ልጁን የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ የሚያስተኛው ባሏ ነው፤ ሰፈር ሲስቅበት እርሱም አብሮ ይስቃል።

ወገኖቼ፣ በየአጥቢያችሁ እንዲህ ያለች ልጅ አለች። ሙሉ ወጪዋን መቻል ላይቻላችሁ ይችላል። ደብዳቤ መጻፍ፣ የማመልከቻውን ቀን ማስታወስ፣ ከደላላ ማዳን፣ ልጅ መያዝ፣ የ1 ወር ትራንስፖርት መክፈል ግን አያቅታችሁም። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ካለም ዛሬ አውጡት፤ ከዚያ ጸልዩበት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።