ሐሙሲት፣ ገሳ ውስጥ

ሐሙስ፣ ሐምሌ አጋማሽ። በማለዳ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ተነሥቼ ዓባይን ስሻገር ሰማዩ ገና ብራ ነበር። ሐሙሲት ስደርስ በጣና በኩል ጠቁሯል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ገበያዋ ስለሆነ ቀኑን መርጬ ነው የመጣሁት። የመጣሁበት ጉዳይ ደግሞ ባርኔጣ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ አንድ ፎቶግራፍ ነው። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ደምበጫ ምሽግ ላይ የተነሣ ነው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዞቹ መኮንኖች ከሳንድፎርድና ከዊንጌት ጋር ቆመዋል። ንጉሠ ነገሥቱ የደፉት ትልቅ ባርኔጣ አባቶቻችን የቡሽ ባርኔጣ የሚሉት ዓይነት ነው። ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለውን አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውት ነበር። አንድ ቀን አውርደው ሰጡኝ። ከባድ መስሎኝ በሁለት እጄ ብቀበለው እንደ ባዶ ቅል ቀለለኝ። ያ ቅለት ከእጄ አልወጣም።

በኋላ አንብቤ ምሥጢሩን ደረስኩበት። ቡሽ በፖርቱጋልና በአካባቢዋ የሚበቅል የአንድ ዛፍ ቅርፊት ነው። ዛፉ 25 ዓመት ገደማ ሲሞላው መጀመሪያ ይላጣል፤ ከዚያ በየ9 ዓመቱ። ቅርፊቱ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የአየር ጎጆዎች አሉ፤ ግድግዳቸው ሰም መሰል ነገር ስላለበት ውኃ አያስገባም። እንግሊዞች በሕንድ አገር ሳሉ ከቡሽም የቀለለ ነገር አገኙ፤ የቤንጋል ረግረግ ላይ የሚበቅል ሾላ የሚባል ተክል ነው። ከእኛ ሾላ ጋር ስሙ እንጂ ዘሩ አይገናኝም። የግንዱን ነጭ ልብ እየሰነጠቁ፣ እያጣበቁ ባርኔጣ ሠሩበት። እንግዲህ ረግረግ ከሆነማ፣ አልኩ፣ በጣና ዳር ረግረግ ላይ የሚኖረው የፎገራና የደራ ሰው ዝናቡን በምን ነው የሚመክተው?

መልሱን ያገኘሁት ገበያው ዳር ነው። አንድ አዛውንት እንጨት ላይ ሦስት ገሳ፣ ከሣር የተሠራ የዝናብ ልብስ፣ ደግፈው ተቀምጠዋል። የአንዱ አናት እንደ ጎጆ ጉልላት ተሰብስቦ ሾሏል፤ ታቹ ጀርባን ይዞ እስከ ቋንጃ ይወርዳል።

«ስንት ነው አባቴ?» አልኳቸው።

«ዋጋውን ተወውና መጀመሪያ ግባበት።»

ገባሁበት። እርጥብ ሜዳ ሸተተኝ። ዝናቡም እንደ ተጠራ ያኔ ጀመረ፤ ገበያው ሁሉ ወደ ቆርቆሮው ጥላ ሲሮጥ እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ድምፁ ከራሴ በላይ ይንሿሿል፣ እኔ ግን ደረቅ ነኝ። እርሳቸውም በራሳቸው ገሳ ውስጥ ሆነው አሠራሩን ይነግሩኛል። ሣሩ እንግጫ ነው። ታጭዶ ይጠወልጋል፤ ጨርሶ ከደረቀ ይሰበራል። ከዚያ በመደዳ እየታሰረ፣ አንዱ ድርድር የሌላውን እግር እየሸፈነ ይወርዳል።

«አንዷ እንኳ ወደ ላይ ከተኛች ውኃውን ትጠራዋለች። ልክ እንደ ቤት ክዳን ነው ልጄ፤ ውኃ ሣሩ በተኛበት ነው የሚሄድ» አሉኝ።

ይህን ሲሉኝ ሽማግሌው ጎረቤታችን ትዝ አሉኝ። ቡሹ ውኃን የሚመልሰው በሰሙ ነው፤ ገሳው በአስተኛኘቱ። ቅለቱ ግን ከአንድ ምንጭ ነው፤ ሁለቱም አየር ተሸክመዋል።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ወረታ መንገድ ቀጠልኩ። ጉማራ ወንዝ ሞልቶ ቡናማ ሆኗል። ከድልድዩ ወዲያ የፎገራ ሜዳ ውኃ ለብሶ ተዘርግቷል፤ ርብና ጉማራ ከጣና ጋር የሚገናኙበት ሜዳ ስለሆነ በክረምት መሬትና ሐይቅ ድንበራቸው ይጠፋል። ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሩዝ ያርማሉ። እዚህ ጃንጥላ ምን ይሠራል? አንድ እጅ ይወስዳል፤ አረም ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ገሳ የተሠራው ለጎበጠ ጀርባ ነው። አሁን ግን ከቆጠርኳቸው አራሚዎች አብዛኞቹ የለበሱት ላስቲክ ነው። ከአንዱ ወጣት ጋር ዳር ላይ ቆመን ስናወራ ላስቲኩን ገልጦ አሳየኝ፤ ሸሚዙ ከውስጥ በላብ ርሷል። «ዝናቡም ያው፣ ላስቲኩም ያው» አለኝ።

ታዲያ ለምን ገሳ አይለብስም? እንግጫው የት አለና፣ ነው መልሱ። ይህ ሜዳ የፎገራ ከብት የሚፋፋበት የሣር አገር ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ አስተማሩ፤ ዛሬም ገበሬው የሚዘራው ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን የወሰደው ደራ ውስጥ ካለው ጅግና ቀበሌ ነው። ሩዙ ብዙ ቤት ከረሃብ አውጥቷል፤ ይህን የሚክድ የለም። ሆኖም ውኃ የሚተኛበትን መሬት የሚወደው እሱ ብቻ አልነበረም። የሣሩን ቦታ ሩዝ ሲይዘው ገሳ ሠሪው ሣር ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል፣ ገሳው ይወደዳል፣ ላስቲኩ ይገባል። ይህ ያሳዝነኛል። እውቀቱ ገና በእጅ ላይ አለ፤ የጎደለው ሣሩ ነው፤ ሣር ደግሞ በየቦዩ ዳር ቢተዉት ራሱ የሚመጣ ነገር ነው።

የጣና ታንኳ የሚሠራበትን ደንገልም ረስቼው አልነበረም። ታንኳ ከሚሠሩበት የሐይቅ ዳር አንድ ግንድ ለምኜ ላጥኩት፤ ሦስት ማዕዘን ያለው አረንጓዴ ልጥ፣ ውስጡ ነጭና ስፖንጅ የመሰለ፣ በአየር የተሞላ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጣናን ደንገል ጭኖ ወስዶ በ1961 ዓ.ም. ራ የተባለችውን ጀልባ አሠራ፤ ውቅያኖሱን ሳታቋርጥ ፈረሰች። በዓመቱ ሁለተኛይቱ፣ እሷም ከጣና ደንገል፣ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ውቅያኖስ የተሻገረ ተክል ሰው ራስ ላይ አይቀመጥም? የቤንጋሉን ነጭ ልብ ባርኔጣ ካደረጉት፣ የጣናውን የሚሞክር እጅ ቢገኝ ደስታዬ ነው። ደንገል እየዋለ ሲያድር ውኃ ይጠጣል፤ ታንኳውን እየጎተቱ ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ለዚሁ ነው። ባርኔጣ ግን ማታ ማታ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ማምሻውን ሐሙሲት ተመለስኩ። ገሳውን ገዛሁ። ባርኔጣም ይሠሩልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፣ ክፈፉ ሰፊ፣ በገሳው ስፌት።

አዛውንቱ አላመነቱም። ከታች አንዲት የእንግጫ ዘለላ አንሥተው ግንባሬ ላይ አዞሩ፣ ከጆሮዬ በላይ ሳብ አደረጉና የተገናኘበት ላይ ቋጠሯት።

«ሣሩ ከመስቀል በኋላ ይጠነክራል። ኅዳር ሚካኤልን አሳልፈህ ና።»

ቋጠሮዋን ከጋቢያቸው ጫፍ ጋር አሰሯትና የቀሩትን ሁለት ገሳዎች ደራርበው ተሸክመው መንገዱን ያዙ።