የፎገራ ሩዝ፣ የወረታ ባልና ሚስት እና የ‹‹ድም ድም›› ሳጥን

የሆም ቴአትር ነገር ሲነሣ የከተማ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹‹ስንት ዋት ነው?›› ብሎ ነው። መርካቶም ሂዱ ፒያሳ፣ ሻጩ ካርቶኑን እያገላበጠ ‹‹3000 ዋት ነው! ሰፈሩን ያናውጥልሃል!›› ይላችኋል። እናላችሁ፣ የዛሬው ጨዋታዬም ሰፈር ስለማናወጥ ነው። የማወጋችሁ ግን ከመርካቶ ሳይሆን ከወረታ ነው። ‹‹ወረታንና ሰብዉፈርን ምን አገናኛቸው?›› የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች የመንገድ ከተማ ናት። መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው እዚያ ነው፤ አንዱ በአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው ደብረ ታቦርን አቋርጦ ወልድያ የሚወጣው፣ በደርግ ጊዜ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ነው። እኔ የሄድኩት በጥር 2011 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ሚኒባስ ተሳፍሮ እያወሩ መሄድ ይቻል ነበር። ሐሙሲትን አልፋችሁ የጉማራን ድልድይ ስትሻገሩ ተራራው ወደኋላ ይሸሽና መሬቱ እንደ ምጣድ ዝርግ ይላል። ይኼ ነው እንግዲህ ፎገራ! በአንድ ወገን ጣና፣ በሌላ ወገን የደብረ ታቦር ደጋ፣ መሐሉ ሜዳ ብቻ።

ሜዳው ክረምት ክረምት የውኃ ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ የሚተኙት እዚያው ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ጎርፍ ስንቱን ከቤቱ እንዳፈናቀለ የአገሩ ሰው ዛሬም ያወራዋል። ድሮ ይኼ ረግረግ በወተቷ ስሟ የታወቀው የፎገራ ላም መሰማሪያ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች መጥተው ሩዝ ዘሩበት። ገበሬው በሰፊው የያዘው ዝርያ እስከ ዛሬ ‹‹ኤክስ ጅግና›› ይባላል፤ ጅግና በአጎራባቹ ደራ ወረዳ ውስጥ ያለች ቀበሌ ናት። አሁን እንጀራው ከጤፍ ጋር ሩዝ አለበት፣ ጠላው ሩዝ አለበት፣ ሠርጉም የሚደገሰው በሩዝ ብር ነው። ወረታ ከተማ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የሚሰማችሁ ደግሞ የሩዝ መፈልፈያው ወፍጮ ነው። በጆሮ ብቻ አይደለም፣ በእግራችሁም ይሰማችኋል።

ይህን ‹‹በእግር የሚሰማ›› ድምፅ ያዙልኝ። ሰብዉፈር ማለት እሱ ነውና።

የሄድኩት አንድ ወዳጄ ስለጠራኝ ነው። ካገባ ዓመት ሞልቶታል፣ ከሚስቱ ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን ሩዝ አጭዶ ሸጧል፣ በእጁ 15 ሺህ ብር ይዟል። ሐሳቡ ባለ አምስት ስፒከርና ባለ አንድ ሰብዉፈር ካርቶን መግዛት ነው፤ ዋጋው 12 ሺህ። ‹‹አንተ የከተማ ሰው ነህ፣ ምረጥልኝ›› አለኝ። በልቤ ‹‹ቀላል ነገር ነው›› ብዬ ተቀመጥኩ። ቡና ሲፈላ ነው ቀላል አለመሆኑ የገባኝ። እሱ ወደ ጓሮ ወጣ ሲል ሚስቱ ጀበናውን እየጣደች፣ ቀና ሳትል፣ እንዲህ አለችኝ፦

‹‹ወንድሜ፣ እኔ ፊልም ጠልቼ አይደለም። ሰውዬው ያለው ሳይሰማኝ ፈንጂው ብቻ ቢሰማኝ ግን ምን ይሠራልኛል? ደግሞ አጨዳው ላይ እኔም ነበርኩ። የስፌት መኪና እፈልግ ነበር። ለእሱ እንዳይነግሩብኝ።››

አያችሁ! ጉዳዩ የድምፅ ብቻ አልነበረም። በዚያ ላይ የባልየው እናት በጭቃ ግድግዳ ተለይተው ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ነው የሚተኙት። እንቅልፍ የላቸውም፣ ጆሯቸውም እንደ ድሮው አይደለም። የልጅቷን ምስጢር አላወጣሁም። ይልቅ ወዳጄን ‹‹ከመግዛትህ በፊት አንድ ሌሊት ቤትህ ውስጥ እንሞክረው›› አልኩት። አንድ ባለሱቅ መታወቂያውን አስይዞ ካርቶኑን አዋሰን።

መጀመሪያ ያየነው ከጀርባው ያለችውን ታርጋ ነው። ካርቶኑ ላይ 3000 ዋት፣ ታርጋዋ ላይ ከመብራት የሚስበው 90 ዋት። ከሶኬት 90 ዋት የሚጠጣ ዕቃ ከየት አምጥቶ 3000 ይተፋል? ጨዋታው እንዲህ ነው። ሦስት ሺሁ ‹‹ፒ.ኤም.ፒ.ኦ›› የሚባለው ነው፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቢወጣ ተብሎ የሚጻፍ የሻጭ ቁጥር። እናንተ መጠየቅ ያለባችሁ ‹‹አር.ኤም.ኤስ››ን ነው፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ጉልበት። ለተራ ሳሎን በየስፒከሩ እውነተኛ 30 እና 40 ዋት ይተርፋል። ዋቱ እጥፍ ቢሆን ድምፁ እጥፍ ሆኖ አይሰማም፤ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ መውጣት አለበት። ስለዚህ በዋት የሚፎክር ሻጭ ሲገጥማችሁ ፈገግ ብላችሁ ዕቃውን አገላብጡ።

ቀጥሎ ስፒከሮቹን ፈታን። የጡጫ ያህል ትንንሽ ናቸው፣ ውስጣቸው ያለው ሸራ ሦስት ኢንች አይሞላም። ትንሽነቱ በራሱ ነውር አይደለም። ትንሽ ሸራ ግን ብዙ አየር መግፋት ስለማይችል ወፍራሙን ድምፅ ለሰብዉፈሩ ይለቅቃል። ጥሩ ሲሆን የሚለቅቀው ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ጆሯችን ድምፁ ከየት እንደመጣ ስለማይለይ ሳጥኑ የትም ቢቀመጥ ከፊልሙ ጋር ይዋሐዳል። እነዚህ ሚጢጢዎች ግን እስከ 150፣ እስከ 200 ሄርዝ ድረስ ነው የሚለቅቁት። የወንድ ልጅ ድምፅ መሠረቱ ያለው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። ውጤቱን ያን ማታ አየነው። ተዋናዩ ቴሌቪዥኑ ላይ አፉን ይከፍታል፣ ድምፁ ከሩዙ ጆንያ ጥግ ይመጣል! ሚስትየው ሳቋ አመለጣት። ‹‹ጆንያው ነው እንዴ የሚናገረው?››

ስለዚህ ትንሽ ስፒከር ስትመርጡ ሸራው ቢያንስ አራት፣ ቢቻል አምስት ኢንች ይሁን። በእጃችሁም መዝኑት፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀልል ከሆነ ተውት። በጣታችሁ ሳጥኑን ስታንኳኩት ‹‹ጧ›› የሚል ሳይሆን ‹‹ዱብ›› የሚል ይሻላል።

አሁን ወደ ሰብዉፈሩ። አራት በአምስት ሜትር የሆነ ጭቃ ቤት፣ ላዩ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለውም። ገና ‹‹ድም›› ሲል ጣራው ‹‹ጥጥጥጥ›› አለ። ላላ ያለ ሚስማር ሁሉ ዘፈነ። የከበሮ ሙዚቃ ስናስገባማ ከበሮው የት እንዳለ ጠፋን፣ ቆርቆሮው ነው የሚመታው! ወፍራም ድምፅ እንደ ቀጭኑ ቀስት ሆኖ አይሄድም፤ የ40 ሄርዝ አንዷ ሞገድ ብቻዋን ስምንት ሜትር ተኩል ገደማ ትረዝማለች፣ ቤቱ ደግሞ አምስት ሜትር ነው። ስለዚህ ግድግዳው ጋ ይከማቻል፣ መሐል ላይ ይሳሳል። ሳጥኑን ጥግ ውስጥ ከወተፋችሁት ይጮኻል፣ ግን ሁሉ ነገር አንድ ዓይነት ‹‹ቡም›› ይሆናል።

መላ አለው፣ ለክብር ግን አይመችም። ሰብዉፈሩን እናንተ የምትቀመጡበት ወንበር ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ ከበሮ ያለበት ዘፈን ትከፍታላችሁ፣ ከዚያ በአራት እግራችሁ ግድግዳ ግድግዳውን ትድሃላችሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ የተሰማበት ቦታ የሳጥኑ ቦታ ይሆናል። ወዳጄ ሱሪውን ሰብስቦ ሲድህ እናቱ በሩ ላይ ደረሱ።

‹‹ኧረ ልጄ፣ ምን ጠፍቶት ነው ልጁ?››

‹‹ድምፅ ነው እማማ›› አልኳቸው።

‹‹እንዲህ እየጮኸ?›› አሉና ተቀመጡ። እኛም ፊልሙን መልሰን ከፈትን። ጥቂት አዩና ‹‹ልጅቷ ምን አለችው?›› ብለው ጠየቁ። ደግመው ጠየቁ። ሦስተኛው ላይ ወዳጄ ወደ ሚስቱ አየ፣ እሷም ወደ እሱ። እኔ ምንም አልተናገርኩም።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የፊልም ድምፅ አሠራር የሚመጣው። ‹‹5.1›› የሚባለው ፊት ለፊት ግራ፣ መሐልና ቀኝ፣ በጎን በኩል ሁለት የዙሪያ፣ እና ነጥብ አንዱ ሰብዉፈር ነው። ዶልቢ ዲጂታል በሲኒማ ቤት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 በ‹‹ባትማን ሪተርንስ›› ነው። በእንዲህ ዓይነት ፊልም ውስጥ ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው ከመሐለኛው ስፒከር ነው። የእኛ ሰው ግን ብሩን የሚያፈሰው በሰብዉፈሩ ላይ ነው፣ መሐለኛው ከካርቶን የወጣ ፕላስቲክ ቢሆንም ግድ የለውም። ያውም የአማርኛ ፊልም በአብዛኛው ጨዋታ ነው፣ ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር። የኃይሌ ገሪማን ‹‹ጤዛ›› የመሰለ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የተሸለመ፣ ታሪኩም ከዚያ ሜዳ ብዙ በማይርቅ በጣና ዳር የሆነ ፊልም፣ ንግግሩ ካልተሰማ ምኑ ይታያል? እኔን ብትጠይቁኝ፣ ብር ካነሰ ከኋላ ያሉትን ሁለቱን አስቀሩና መሐለኛውን ጥሩ ግዙ። ልክ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ፊቱን ወደ ጆሯችሁ ቀና አድርጉት።

በነጋታው ካርቶኑን መለስንና ባሕር ዳር ሄድን። ያገለገለ አምፕ፣ ሦስት የፊት ስፒከር ባለ አራት ኢንች፣ ሰብዉፈሩ ባለ ስምንት ኢንች እና ድፍን ሳጥን። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ጩኸት ይጨምራል፣ ድፍኑ ግን ቶሎ ይቆማል፤ ለትንሽ ክፍልና ለቆርቆሮ ጣራ ድፍኑን እመርጣለሁ። ሁሉም 9 ሺህ ብር። መመለሻው ላይ ሚኒባስ ውስጥ ወዳጄ ዝም ብሎ ቆየና ‹‹ስድስት ሺህ ተረፈ። ለእሷ የስፌት መኪና መነሻ ቢሆንስ?›› አለኝ። ነግራው ይሁን፣ እናቱ ‹‹ምን አለችው?›› ሲሉ ገብቶት ይሁን፣ አልጠየቅሁም። ‹‹ኋላውስ ባዶ ሆነ?›› እያለ ግን እስከ ጉማራ ድረስ ሲያጉረመርም ነበር። ጓደኞቹ ባለ አምስት ናቸዋ!

ገመዱን ስንገጥም ሁለት ነገር ተጠነቀቅን፣ እናንተም ተጠንቀቁ። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር፤ በአንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ከተገለበጠ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ተጣልቶ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ አብሮ እንዳይመጣባችሁ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ስታብላይዘርም አትሰስቱ። የሩዙን ጆንያ በስተኋላ ግድግዳ ደረደርነው፤ የክፍሉ ማስተጋባት ቀነሰ። ለቆርቆሮው ኮርኒስ ካልሆነ መድኃኒት የለውም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድማ እንኳን ፊልም ጎረቤትም አይሰማ።

ዛሬ ብዙ ሰው ‹‹ሳውንድ ባር›› የሚባለውን ረዥም ዱላ ይገዛል። ለጠባብ ቤት አይከፋም፤ ከዚያው የዋት ወሬ ጋር ስለሚመጣ ግን ጀርባውን አገላብጡ። የወዳጄ ሰብዉፈር ከወለሉ በሁለት ብሎኬት ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ክረምት ክረምት የፎገራ ወለል ይረጥባል፣ በጋ በጋ ደግሞ ሩዝ ያለበት ቤት አይጥ አያጣውም፣ አይጥም የስፒከሩን ጎማ እንደ ቆሎ ይወደዋል።