የሦስተኛው ሲሊንደር ጥርስ

ነጩ ፎርድ ኢ-350 ከስኮትዴል የሚነሣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ዘጠኝ ሰዎች ይሳፈሩበታል። ሁሉም ከአትላንታ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው፣ ራሷን «የዓለም የዶሮ ዋና ከተማ» እያለች በምትጠራው ጌይንስቪል ውስጥ በዶሮ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የሚሠሩ ናቸው፤ የቤንዚኑን ዋጋ ይካፈላሉ፣ የመንገዱን እኩሌታ ተኝተው ይጓዛሉ። ባለመኪናውም ያንኑ ፈረቃ የሚገባ፣ ስድሳኛ ዓመቱን የተጠጋ ሰው ነው። አዲስ አበባ ሳለ ላዳ ታክሲ ይነዳ ስለ ነበር የሞተር ድምፅ ሲለወጥ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ባለፈው ኅዳር የሆነው ግን ጆሮ አዋቂ የሚሻ አልነበረም። በኢንተርስቴት 85 ላይ ዳገት ሲወጡ አንድ ነገር እንደ ጥይት ጮኸ። በዚህ ዓይነቱ ቫን የሞተሩ የኋላ ክፍል ወደ ውስጥ ዘልቆ በሾፌሩና ከጎኑ በሚቀመጠው ሰው መካከል በክዳን ተሸፍኖ ስለሚገኝ፣ ፍንዳታው ከውጭ ሳይሆን ከእግር ሥር ነበር የተሰማው። አንዲት ተሳፋሪ ከወንበሩ ሥር ተኛች፤ ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው እንዲህ ላለው ድምፅ የሚሰጠውን መልስ ሰጠች። ከዚያ በኋላ የቀረው ጫ፣ ጫ፣ ጫ የሚል የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነበር። የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ጥርሱን ነቅሎ ወጥቷል። ዘጠኙም የዚያን ቀን ደመወዝ አጡ።

ይህ ስብራት በዚህ ሞተር ላይ እንግዳ አይደለም። ፎርድ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በቫኖቹና በፒክአፖቹ ላይ የገጠማቸው ባለ ስምንት ሲሊንደር የትራይተን ሞተሮች ቴስታታቸው አልሙኒየም ነው፤ በቀደሙት ሥሪቶች ላይ ካንዴላውን የሚይዙት ጥርሶች አራት ያህል ብቻ ነበሩ። ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የካንዴላው ቀዳዳ ስፋት 14 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሩ ሸክም ሲበዛበት ነዳጁ በሚነድባት ቅጽበት የሲሊንደሩ ግፊት 50 ባር ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ካንዴላውን ወደ ውጭ የሚገፋ ከ75 ኪሎ የማያንስ ሸክም ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ደግሞ እያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይተኩሳል። አንድ ጎልማሳ ሰው በአራት ቀጫጭን ጥርሶች ላይ በደቂቃ ሺህ ጊዜ እንደሚዘል ቢታሰብ ከእውነቱ አይርቅም። በዚህ ላይ አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ካንዴላ የፈታ፣ ወይም በግምት ያጠበቀ መካኒክ ጥርሱን ሲያቆስል በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ቁስሉ የሚታየው ከዓመታት በኋላ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ ምናልባትም በሌላ ባለቤት ዘመን ነው።

መኪናው ተጎትቶ የመጣው ስኮትዴል ወደምትገኝ፣ ሁለት መኪና ብቻ ወደምታስገባ ጋራዥ ነው። ስኮትዴል ከተማ ሳትሆን በዲካልብ ካውንቲ ሥር ያለች ሠፈር ናት፤ ስሟን ያገኘችው የጥጥ ፋብሪካ ካቋቋመላት ከጆርጅ ዋሽንግተን ስኮት ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ። ዛሬ በኢስት ፖንስ ደ ሊዮን ጎዳና ዳርና ዳር መጋዘኖችና ጋራዦች ይታያሉ፤ ጥቂት አለፍ ሲባል ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች የሠፈሩባት ክላርክስተን ትገኛለች። (እንግሊዝኛ የጥጡንም ክር የብሎኑንም ጥርስ በአንድ ቃል ይጠራል። የአማርኛ ተናጋሪ መካኒክ ግን ጥርስ ነው የሚለው፤ የሚነክስና የሚወልቅ ነገር መሆኑን ስሙ ይናገራል።)

መካኒኩ አርባ ያልሞላው ሰው ነው፤ ሙያውን የጀመረው አዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ብዙም ሳይርቅ ነበር። ክዳኑን አንሥቶ ካንዴላውን ከብልጭታ ኮይሉ ላይ ላቀቀና በመብራት አየው። ከዚያም ዝም አለ። በካንዴላው ዙሪያ እንደ ምንጭ የተጠመጠመ ቀጭን የብረት ሽቦ ነበረበት።

ይህ ሽቦ ሄሊኮይል በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው የጥርስ መጠገኛ ነው። የተበላሸው ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ አዲስ ጥርስ ይወጣለትና ሽቦው ውስጡ ይጠመጠማል፤ ካንዴላው ሽቦውን ይነክሳል። ርካሽና ፈጣን ነው፤ በብዙ ቦታም በደንብ ያገለግላል። እዚህ ሞተር ላይ ግን ሽቦው ከካንዴላው ጋር ተያይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ወጣም። የሽቦው ትርጉም ግልጽ ነበር፦ ይህ ቀዳዳ ከዚህ ቀደም ተበላሽቶ ተጠግኗል። ባለመኪናው ደግሞ ቫኑን የገዛው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በእድር ከሚያውቀው የአገር ልጅ ነው፤ ስለ ጥገና የተነገረው ነገር አልነበረም።

«ሰውየው ያውቅ ነበር ማለት ነው?» አለ ባለመኪናው።

«ላያውቅም ይችላል፣ ጋሼ። ለእሱም ያልነገረው ሰው ይኖር ይሆናል።»

ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ነው፦ ሻጭ የሚያውቀውን ገዥ ካላወቀ ጥሩው መኪና ከገበያው ይሸሻል፣ መጥፎው ይቀራል። (አሜሪካውያን እንዲህ ያለውን መኪና ሎሚ ይሉታል፤ ሎሚን በጥምቀት ወደ ወደዷት ልጅ የሚወረወር አድርጎ ለሚያውቅ ሰው ስድብነቱ አይዋጥለትም።) ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ በ1973 ከዚያ የባሰውን ጠቆሙ፦ አንዳንድ አገልግሎት ደንበኛው ከገዛውም፣ ከተጠቀመበትም በኋላ ጥራቱን ሊያውቅ አይችልም። የመኪና ጥገና ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ነው።

ስለ ዳያስፖራ ማኅበረሰብ ሲጻፍ የዚህ ችግር መድኃኒት መተማመን እንደሆነ ይነገራል። የአገር ልጅ የአገር ልጅን አያታልልም፣ ቢያታልል እድሩ ይሰማል። ይህ አባባል እውነት አለው፤ ነገር ግን መተማመን የሚያስተላልፈው ስለ ሰው ባሕርይ ያለውን መረጃ ነው፤ ስለ ቴስታታ ጥርስ የሚያውቀው ነገር የለም። እንዲያውም በዚህ ቫን ታሪክ ውስጥ መተማመኑ ወረቀቱን አስቀርቷል። ገዥው የጥገና ደረሰኝ ያልጠየቀው መጠየቁ ነውር ስለ መሰለው ነው። ከእንግዳ ቢገዛ ኖሮ አንድ በአንድ ይጠይቅ ነበር። እንዲህ ሲሆን በሰንሰለቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሐቀኛ ሆኖ ጉድለቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሳይነገር ሊያልፍ ይችላል።

መካኒኩ ቀጥሎ የተናገረው ያልተጠየቀውን ነው። አሜሪካ በገባ ሰሞን ተቀጥሮ በሠራበት ጋራዥ እንዲህ ያለ ሽቦ ብዙ ጊዜ አስገብቷል፤ ቶሎ ጨርስ ይባል ነበር፣ ደረሰኙም ላይ «የካንዴላ ሥራ» ከሚል በቀር አይጻፍም ነበር። «ይህን እኔ አልሠራሁትም ብዬ መማል አልችልም፣ ጋሼ» አለ። ባለመኪናው ለረጅም ጊዜ አየው። ምንም አልመለሰም።

ምርጫው ሦስት ነበር። አንደኛው አዲስ ቴስታታ መግጠም ነው፤ ዋጋው ከቫኑ ዋጋ ይበልጣል። ሁለተኛው ሌላ ሽቦ ማስገባት ነው። ሦስተኛው ከውስጥም ከውጭም ጥርስ ያለው፣ ድፍን የብረት ቡሽንግ ነው። ፎርድ ራሱ ቀድሞ ቴስታታው እንዲቀየር ብቻ ይመክር የነበረ ሲሆን፣ በ2007 ባወጣው የጥገና መመሪያ በቡሽንግ መጠገንን ፈቅዷል።

መካኒኩ በልጅነቱ ያየው አሠራር ሌላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቴስታታው ተፈትቶ ቶርኖ ቤት ይወሰዳል፤ ቶርኖ ሠራተኛው ቡሽንጉን በልኩ ቀርጾ ይገጥመዋል። በዚያ የሰው ጉልበት ርካሽ፣ ዕቃው ውድ ነው፤ በዚህ ተቃራኒው ስለሆነ ቴስታታው ሳይፈታ፣ መካኒኩ በቫኑ ወለል ላይ ተንበርክኮ የሚሠራበት መሣሪያ ተፈለሰፈ። የአዲስ አበባው አሠራር ቶሎ የሚጠፋም አይመስልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። አገር ውስጥ ያሉት ሞተሮች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ መሥራታቸው አይቀርም፤ እያንዳንዳቸውም ካንዴላቸው ብዙ ጊዜ ተፈትቶ ይታሰራል።

ሥራው ግማሽ ቀን ወሰደ። ጥርስ ማውጫውን ግሪስ ቀባው፣ የአልሙኒየሙ ብናኝ ሲሊንደር ውስጥ እንዳይወድቅ። ሩብ ዙር ያዞራል፣ ያወጣል፣ ይጠርጋል፣ ዳግመኛ ይቀባል። ከዚያ በቀጭን ቱቦ አየር እየሳበ የቀረውን ብናኝ አወጣ፣ በትንሽ ካሜራ የፒስቶኑን ራስ አየ፣ አልረካም፣ እንደገና ሳበ። ካንዴላውን ሳይገጥም ሞተሩን ለአፍታ በሞተሪኖ አዞረው። በመጨረሻ ቡሽንጉን አስገብቶ የታችኛው ጥርሱ ተወጥሮ አልሙኒየሙን እስኪነክስ ድረስ በልዩ መፍቻው አጠበቀው። ካንዴላውን በእጁ ጀመረ፤ ሲጨርስ ግን በእጁ ግምት ሳይሆን በመለኪያ ቁልፍ ነበር።

ችግሩ የተነሣው ደረሰኙ ላይ ነው። መካኒኩ በደማቅ ቀለም እንዲህ ጻፈ፦ 3ኛ ሲሊንደር፣ ቀድሞ በሽቦ የተጠገነ፣ አሁን በቡሽንግ፤ ቀኑን፣ ማይሉን፣ የቡሽንጉን ዓይነት። ይህንኑ በአጭሩ በትንሽ ወረቀት ገልብጦ በሞተሩ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ሊለጥፍ ተነሣ።

«እሱን ተወው» አለ ባለመኪናው። «ነገ ልሸጠው ብል፣ እንዲህ ተጽፎበት ማን ይገዛኛል?»

«ቀጣዩ መካኒክ ሳያውቅ እንዳይነካው ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ለእኔ ማን ጻፈልኝ?»

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የለም። የወረቀቱ ዋጋ ዛሬ በባለመኪናው ላይ ይወድቃል፣ ጥቅሙ ገና ለማይታወቅ ገዥ ይሄዳል፤ የሚያካክስለት ሰው የለም። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ተጎድቶም እያለ ያልተጻፈለትን እንዲጽፍ ነው የተጠየቀው። መካኒኩ ለአንድ አፍታ ወረቀቱን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ክዳኑን ያለ ወረቀቱ ገጠመው፤ ደረሰኙን ግን አልቀየረም። አንዱን ቅጂ በፋይሉ አስቀመጠ፣ ሌላውን ሰጠው።

ባለመኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ስምንቱም ይተኩሳሉ። ደረሰኙን ለአራት አጥፎ የመኪናው ወረቀቶች ወዳሉበት ኪስ እጁን ከዘረጋ በኋላ መለሰውና በሸሚዙ ኪስ ከተተው። በማግስቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዘጠኙ ሰዎች ተሳፈሩ፤ ከወንበሩ ሥር ተኝታ የነበረችው ሴት የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከሞተሩ ርቃ ተቀመጠች።